ስፓይሮ ውህድ ሠርቶ የክሪስታል መዋቅሩን ማወቅ፦ ከፍላስክ እስከ ዲፍራክቶሜትር

ሁለት ቀለበቶች አንድ አቶም ብቻ ሲጋሩ ውህዱ ስፓይሮ ይባላል። የጋራው አቶም ብዙ ጊዜ ካርቦን ነው። ካርቦኑ ካሉት አራት ቦንዶች ሁለቱን ለአንዱ ቀለበት፣ ሁለቱን ለሌላው ይሰጣል። ስለዚህ ሁለቱ ቀለበቶች አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ መተኛት አይችሉም። አንዱ ሌላውን በቀጤ ነክ ገደማ ይሻገረዋል። እነዚህን ውህዶች እ.ኤ.አ. በ1900 ለይቶ ስያሜ ያወጣላቸው ጀርመናዊው ኬሚስት አዶልፍ ፎን ባየር ነው። ዛሬ በብዙ ቦታ እናገኛቸዋለን። ለደም ግፊትና ለልብ ድካም የሚታዘዘው ስፓይሮኖላክቶን አንዱ ነው።

ይህ መመሪያ የኦርጋኒክ ላብራቶሪ መሠረታዊ ሥራ ለሚያውቅ፣ ግን የራሱን ክሪስታል አሳድጎ መዋቅሩን ፈትቶ ለማያውቅ ሰው ነው። አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ኤክስሬይ ማሽኑ (ዲፍራክቶሜትሩ) ላይ የሚያስቸግረን ነገር አብዛኛው የሚጀምረው ማሽኑ ጋ ከመድረሳችን በፊት ነው። ያልጠራ ውህድ፣ ተቸኩሎ የወጣ ክሪስታል፣ ሳይታጠብ የቀረ አሲድ። ሶፍትዌር እነዚህን አያስተካክልም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ላይ ቆም እላለሁ።

የትኛውን ውህድ እንሥራ?

ለጀማሪ የምመርጠው ከፔንታኤሪትሪቶልና ከቤንዛልዴሃይድ የሚሠራውን ድርብ አሴታል ነው። አሴታል ማለት አንድ ካርቦን ሁለት ኦክስጅኖችን በነጠላ ቦንድ የያዘበት ቡድን ነው። ሙሉ ስሙ 3፣9-ዳይፌኒል-2፣4፣8፣10-ቴትራኦክሳስፓይሮ[5.5]አንዴኬን ይባላል። ስሙ ያስፈራል፣ ሐሳቡ ግን ቀላል ነው። ፔንታኤሪትሪቶል መሀል ላይ አንድ ካርቦን አለው። በዙሪያው አራት የአልኮል ክንዶች አሉ። አንድ ቤንዛልዴሃይድ ሁለቱን ክንዶች ይዞ አንድ ቀለበት ይሠራል። ሁለተኛው ቤንዛልዴሃይድ የቀሩትን ሁለቱን ይይዝና ሌላ ቀለበት ይሠራል። የመሀሉ ካርቦን በራሱ ጊዜ የስፓይሮ ማዕከል ይሆናል። በእያንዳንዱ ቀለበት አንድ ውሃ ይወጣል።

ምርቱ 19 ካርቦን፣ 20 ሃይድሮጅንና 4 ኦክስጅን አለው። የሞላር ክብደቱ 312.36 ነው። ይህን ውህድ የምወደው ለሦስት ምክንያት ነው። መነሻዎቹ በቀላሉ ይገኛሉ። ሥራው ማለቁን በዓይን ማየት ይቻላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ መዋቅሩ ብዙ ያስተምራል፤ ሲሜትሪው ላይ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ሲንተሲሱ

የ250 ሚሊሊትር ክብ ፍላስክ አዘጋጁ። 3.40 ግራም ፔንታኤሪትሪቶል ጨምሩ፣ 25 ሚሊሞል ነው። 5.3 ሚሊሊትር ቤንዛልዴሃይድ ጨምሩ፣ 52 ሚሊሞል ገደማ ነው። ትንሽ የበለጠው ሁለተኛው ቀለበት ሳይዘጋ እንዳይቀር ነው። ከዚያ 0.15 ግራም የፓራ-ቶሉዊን ሰልፎኒክ አሲድ ሞኖሃይድሬት ለካታሊስትነት፣ 80 ሚሊሊትር ቶሉዊን ለአሟሚነት ጨምሩ። የማግኔት ማማሰያውን አትርሱ።

ቤንዛልዴሃይዱን ከመጠቀማችሁ በፊት ጠርሙሱን እዩት። ለብዙ ጊዜ ተከፍቶ የቆየ ቤንዛልዴሃይድ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ቤንዞይክ አሲድ ይሆናል። ክዳኑ አካባቢ ነጭ ቅርፊት ካያችሁ ይኸው ነው። እንዲህ ያለውን አጣርታችሁ ወይም አዲስ ጠርሙስ ከፍታችሁ ሥሩ።

ፍላስኩ ላይ የዲን-ስታርክ ወጥመድ ግጠሙ፣ ከላዩ ኮንደንሰር አድርጉ። ወጥመዱን አስቀድማችሁ በቶሉዊን ሙሉት። ካልሞላችሁት ከፍላስኩ የሚተነው ቶሉዊን እዚያ ተጠራቅሞ ይቀራል፣ ፍላስኩ ውስጥ ያለውም ያንሳል። ሁሉም ሥራ ጭስ መሳቢያ ውስጥ ይሁን። ቶሉዊን በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ማሞቂያው የኤሌክትሪክ እንጂ እሳት አይሁን።

አሁን አፍሉት። ቶሉዊንና ውሃ አብረው የሚፈሉት 85 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ነው። አብረው ይወጣሉ፣ ኮንደንሰሩ ላይ ይቀዘቅዛሉ፣ ወጥመዱ ውስጥ ይለያያሉ። ውሃው ከታች ይሰፍራል። የውሃው መውጣት ወሳኝ ነው። አሴታል መሥራት ወደ ኋላም የሚመለስ ሪአክሽን ስለሆነ፣ ውሃው እዚያው ከቆየ ምርቱን መልሶ ያፈርሰዋል።

ሁለት ምልክት ተከታተሉ። አንደኛው የፍላስኩ መልክ ነው። ፔንታኤሪትሪቶል ቶሉዊን ውስጥ አይሟሟም። ስለዚህ መጀመሪያ ነጭ ዱቄት ሲዞር ታያላችሁ። ሪአክሽኑ ሲሄድ ዱቄቱ እየጠፋ ሙሙቱ እየጠራ ይመጣል። ሁለተኛው ወጥመዱ ነው። ሒሳቡ 50 ሚሊሞል ውሃ ይላል፣ 0.9 ሚሊሊትር ማለት ነው። ውሃው እዚያ አካባቢ ደርሶ መጨመር ሲያቆም ጨርሳችኋል። አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ይበቃል። ውሃው ግማሽ ላይ ቆሞ ዱቄቱም ካለ፣ ማማሰሉ ደካማ መሆኑን ወይም ፍላስኩ በደንብ አለመፍላቱን መርምሩ።

በቲኤልሲም አረጋግጡ። ሄክሴንና ኢታይል አሲቴት 4 ለ 1 ይስማማል። ፌኒል ቀለበት ስላለው ምርቱ በ254 ናኖሜትር መብራት ይታያል። አንድ ቀለበት ብቻ የዘጋው ግማሽ ምርት ሁለት የአልኮል ክንድ ስለቀረው ከታች፣ መነሻው መስመር አጠገብ ይቆያል።

ማጠብና ማጥራት

ሙሙቱ ለብ እስኪል አቀዝቅዙት። በጣም ከቀዘቀዘ ምርቱ መውጣት ሊጀምር ይችላል፤ ያኔ ትንሽ ኢታይል አሲቴት ጨምሩለት። በ5% የሶዲየም ባይካርቦኔት ሙሙት ሁለት ጊዜ እጠቡት። ከዚያ አንድ ጊዜ በጨው ውሃ። በደረቅ ሶዲየም ሰልፌት ካደረቃችሁ በኋላ አጣሩና ቶሉዊኑን በሮታቫፕ አትንኑ።

ባይካርቦኔቱን አትዝለሉ። አሴታል ቤዝን ይቋቋማል፣ አሲድን ግን አይችልም። ጥቂት አሲድ ከቀረ ዛሬ ችግሩ ላይታይ ይችላል። ክሪስታል ለማሳደግ ጠርሙሱን ለሳምንታት ስታስቀምጡት ግን አሲዱና የአየሩ እርጥበት ተባብረው ውህዱን ቀስ እያሉ ይበሉታል። በመጨረሻ ክሪስታል ታገኙ ይሆናል፤ ግን የቤንዞይክ አሲድ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ሙሉ ዳታ ሰብስቦ የታወቀ የመነሻ ቁስ መዋቅር የሚያገኘው በእንዲህ ዓይነት መንገድ ነው።

የቀረውን ነጭ ጠጣር በትንሽ ቀዝቃዛ ሄክሴን እጠቡት፤ የተረፈው ቤንዛልዴሃይድ ይሄዳል። ከዚያ በትኩስ ኢታኖል አሟሙታችሁ ዳግም ክሪስታል አድርጉት። ኢታኖሉን በጥቂት በጥቂቱ እያፈላችሁ ጨምሩ፣ ልክ ሲሟሟ አቁሙ። በሒሳብ ሙሉ ምርቱ 7.8 ግራም ነው።

የሠራነው እሱ መሆኑን ማረጋገጥ

ወደ ክሪስታሉ ከመሄዳችሁ በፊት ኤንኤምአር ውሰዱ። በዲዩቴሬትድ ክሎሮፎርም ውስጥ ከ7.3 እስከ 7.5 ፒፒኤም አሥር የፌኒል ሃይድሮጅኖች ይታያሉ። 5.5 አካባቢ ሁለት የአሴታል ሃይድሮጅኖች አንድ ነጠላ መስመር ይሠራሉ። ከ3.6 እስከ 4.9 ባለው ውስጥ ደግሞ ስምንቱ የቀለበት ሃይድሮጅኖች ተበታትነው ይወጣሉ። በካርቦን ኤንኤምአር አሴታሉ 102 አካባቢ፣ የስፓይሮው ካርቦን 33 አካባቢ ነው። 10 ፒፒኤም ላይ መስመር ካለ ቤንዛልዴሃይድ ቀርቷል። አይአር ላይ 3300 አካባቢ ሰፊ ጉብታ ካለ ግማሽ ምርት አለ ማለት ነው። የማቅለጫ ነጥቡም በአንድ ሁለት ዲግሪ ውስጥ ካላለቀ ዳግም ክሪስታል ማድረጉን ድገሙት።

እነዚያ ስምንት ሃይድሮጅኖች ለምን ተበታተኑ? ሁለቱም ቀለበቶች የወንበር ቅርጽ ይይዛሉ፣ ፌኒሎቹ ደግሞ ወደ ውጭ፣ በኢኳቶሪያል አቅጣጫ ይቆማሉ። በዚህ አቋም አንዱ ቀለበት ለሌላው ቀለበት ሁለት ጎኖች እኩል አይታይም። በአንዱ ጎን ያለው ክንድ ከሌላው ጎን ካለው ይለያል። ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት የሚመስሉት አራት ክንዶች በእውነቱ ሁለት ሁለት ሆነው ይከፈላሉ።

ክሪስታል ማሳደግ

እዚህ ትዕግሥት ይጠይቃል። ኤክስሬይ የሚፈልገው ብዙ ዱቄት አይደለም። አንዲት ጥሩ ክሪስታል ብቻ ናት፣ በየአቅጣጫው ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊሜትር።

ከ20 እስከ 30 ሚሊግራም ያህል አሟሙታችሁ በሲሪንጅ ማጣሪያ አሳልፉት። አቧራ ብዙ ትናንሽ ክሪስታሎች በአንዴ እንዲጀምሩ ያደርጋል፤ እኛ የምንፈልገው ጥቂቶች በዝግታ እንዲያድጉ ነው። ከዚያ አንድ መንገድ ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። በአንድ ጊዜ ብዙ ጠርሙስ አስቀምጡ።

የመጀመሪያው መንገድ ዝግ ያለ ትነት ነው። በኢታይል አሲቴት አሟሙታችሁ ክዳኑን በመርፌ አንድ ሁለት ቦታ ብሱት። ሁለተኛው የእንፋሎት መንገድ ነው፣ እኔ አብዝቼ የምመርጠውም እሱን ነው። በዳይክሎሮሜቴን የተሟሟውን ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ አድርጉ። ትንሹን ጠርሙስ ክፍት አድርጋችሁ ሄክሴን ያለበት ትልቅ ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጡና ትልቁን ግጠሙት። የሄክሴኑ እንፋሎት ቀስ ብሎ ይገባል፣ ውህዱም የሚሟሟበት እያጣ በዝግታ ይወጣል። ሦስተኛው ደግሞ ትኩስ የኢታኖል ሙሙትን ፔርሙስ ውስጥ ሙቅ ውሃ ላይ አስቀምጦ በአንድ ሌሊት እንዲቀዘቅዝ መተው ነው።

ጠርሙሶቹን ንዝረት የሌለበት ቦታ አኑሩ። በየሰዓቱ አንስታችሁ አትዩ። ክሪስታል ሲወጣ ደግሞ ሙሙቱ ሙሉ በሙሉ እንዲደርቅ አትፍቀዱ። የደረቀ ጠርሙስ ውስጥ ክሪስታሎች ላይ ቆሻሻው ሁሉ ይጋገራል። አሟሚ በውስጣቸው የያዙ ክሪስታሎች ከሆኑም ሲደርቁ ይሰነጣጠቃሉ። በሙሙታቸው እንዳሉ ወደ ማሽኑ ውሰዷቸው።

ክሪስታሏን መምረጥና መጫን

ጥቂት ክሪስታሎች ዘይት ጠብታ ውስጥ አድርጋችሁ በፖላራይዝድ ማይክሮስኮፕ እዩ። መድረኩን አዙሩት። ጥሩ ነጠላ ክሪስታል በየ90 ዲግሪው ሁለመናዋ በአንድ ጊዜ ይጨልማል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይበራል። ግማሹ ሲጨልም ግማሹ የሚበራ ከሆነ የተጣበቁ ወይም መንታ ክሪስታሎች ናቸው። ትልቋን ሳይሆን ንጹሕ ጠርዝ ያላትን ምረጡ። በጣም ትልቅ ከሆነች ዘይቱ ውስጥ እንዳለች በስለታም ምላጭ ቁረጧት።

በትንሽ ሉፕ አንሷትና ጎኒዮሜትሩ (ክሪስታሏን የሚያዞረው የማሽኑ ክፍል) ላይ ጫኗት። የቀዝቃዛ ናይትሮጅን ነፋስ በ100 ኬልቪን ላይ ሲነፋባት ዘይቱ ይጠነክርና ይይዛታል። ቅዝቃዜው የአቶሞችን መንቀጥቀጥ ይቀንሳል፣ ራቅ ባለ ማዕዘን ያሉት ደካማ ነጥቦችም ይጎላሉ። አንዳንድ ክሪስታል በድንገተኛ ቅዝቃዜ ይሰነጠቃል። ያኔ ወደ 150 ወይም 200 ኬልቪን ከፍ አድርጋችሁ ሌላ ክሪስታል ሞክሩ።

ዳታ መሰብሰብ

ክሪስታል ኤክስሬይን እንደሚበትን የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው፣ በማክስ ፎን ላውና ባልደረቦቹ። ወዲያው ብራጎች፣ አባትና ልጅ፣ ያንን የነጥብ ሥዕል ወደ አቶሞች አቀማመጥ የሚቀይር መንገድ አገኙ። ዛሬም መሠረቱ ያው ነው።

ሁለት ዓይነት ጨረር ይገኛል። የሞሊብደነም ጨረር 0.71073 አንግስትሮም፣ የመዳብ ጨረር 1.54184 አንግስትሮም ነው። ውህዳችን ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ብቻ ስላለው በደካማ ነው የሚበትነው። ክሪስታሏ ትንሽ ከሆነች መዳብ ይሻላል።

መጀመሪያ ጥቂት ፍሬሞች (የነጥብ ሥዕሎች) ወስዳችሁ ዩኒት ሴሉን፣ ማለትም እየተደጋገመ ክሪስታሉን የሚሠራውን ትንሹን ሳጥን፣ አግኙ። አብዛኞቹ ነጥቦች በአንድ ሴል ካልተገለጹ ክሪስታሏን ቀይሩ፣ ሰዓት አታባክኑ። ከዚያ አንድ ቀላል ሒሳብ ሥሩ። ሃይድሮጅን ያልሆነ እያንዳንዱ አቶም 18 ኩቢክ አንግስትሮም ያህል ቦታ ይይዛል። የእኛ ሞለኪውል 23 እንዲህ ያሉ አቶሞች አሉት፣ ስለዚህ ወደ 414 ይሆናል። ሴሉ 1650 አካባቢ ከሆነ አራት ሞለኪውሎች አሉ ማለት ነው። ሒሳቡ ፈጽሞ ካልገጠመ ወይ አሟሚ አብሮ ገብቷል፣ ወይ ክሪስታሏ ሌላ ውህድ ናት። ይህን ቀድሞ ማወቅ የሙሉ ቀን ማሽን ያድናል። ሴሉን በካምብሪጅ የመዋቅር ዳታቤዝ ውስጥ ካሉት ጋርም አነጻጽሩት።

ዳታው እስከ 0.84 አንግስትሮም ወይም ከዚያ የተሻለ ይድረስ። በሞሊብደነም ይህ ቴታ 25 ዲግሪ ገደማ፣ በመዳብ 67 ገደማ ነው። ሙላቱ፣ ማለትም መለካት ካለባቸው ነጥቦች የተለኩት ድርሻ፣ 99% ይለፍ። ተመሳሳይ መሆን የነበረባቸው ነጥቦች ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚነግረን አር-ኢንት ከ0.05 በታች ቢሆን ደስ ይላል፤ ከ0.10 ካለፈ ምክንያቱን ፈልጉ። ዳታው ሲጠናቀር የመምጠጥ እርማትም ይደረግለታል።

መዋቅሩን መፍታት

ዲቴክተሩ የእያንዳንዱን ነጥብ ጥንካሬ ይመዘግባል፣ የሞገዱን ፌዝ (ከፍታና ዝቅታው የት ላይ እንደሚውል) ግን አይመዘግብም። ያለ ፌዝ የኤሌክትሮን እፍጋቱን ካርታ መሥራት አይቻልም። ይህን እንቆቅልሽ በሒሳብ ለመፍታት መንገድ የጠረጉት ኸርበርት ሃውፕትማንና ጀሮም ካርል እ.ኤ.አ. በ1985 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። አሁን እንደ ሼልክስ-ቲ ያለ ፕሮግራም ፌዙን አግኝቶ፣ ስፔስ ግሩፑን (የክሪስታሉን የሲሜትሪ ዓይነት) ጠቁሞ፣ አቶሞቹን ሰይሞ በደቂቃዎች ውስጥ ያቀርባል።

ይህ ፍጥነት እንዳያዘናጋችሁ። ፕሮግራሙ ያቀረበውን በኬሚስት ዓይን አንብቡት። ኦክስጅን መሆን ያለበትን ካርቦን ብሎት ከሆነ ያ አቶም ከጎረቤቶቹ በጣም ያነሰ ኤሊፕሶይድ (የአቶሙን መንቀጥቀጥ የሚያሳይ እንቁላል መሰል ቅርጽ) ያሳያል። በተቃራኒው ካርቦኑን ኦክስጅን ካለው ኤሊፕሶይዱ ያብጣል። ርዝመቶቹም ይናገራሉ። የካርቦንና የኦክስጅን ቦንድ ከ1.41 እስከ 1.43 አንግስትሮም፣ ከስፓይሮው ካርቦን የሚወጡት የካርቦን ቦንዶች 1.53 ገደማ ይሆናሉ።

ስለ ሲሜትሪው ቃል የገባሁት እዚህ ነው። ይህ ሞለኪውል እንደ ቀኝና ግራ እጅ ሁለት ዓይነት አለው። አንድም ካርቦን አራት የተለያዩ ነገሮች አልያዘም፣ ግን የሁለቱ ቀለበቶች አቀማመጥ ራሱ ቀኝና ግራ ይፈጥራል። ሲንተሲሳችን ሁለቱን እኩል ይሠራል። ስፔስ ግሩፑ ፒ 21/ሲ ዓይነት ከሆነ፣ ከኦርጋኒክ ክሪስታሎች ሲሶ ገደማ የሚወድቁበት ማለት ነው፣ ሁለቱም ዓይነቶች አንድ ክሪስታል ውስጥ ጎን ለጎን አሉ። ፒ 212121 ዓይነት ከሆነ ግን ያቺ ክሪስታል የያዘችው አንዱን ዓይነት ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነ በፍላክ ፓራሜትር (ቀኝና ግራውን በሚለየው ቁጥር) ለማወቅ የመዳብ ጨረርና በጣም ጥሩ ዳታ ያስፈልጋል። በሞሊብደነም እንዲህ ላለ ውህድ የሚወጣው ፍላክ ዋጋ የለውም፣ አትጥቀሱት።

ሌላም አለ። ሞለኪውሉ በስፓይሮው ካርቦን የሚያልፍ የሁለት እጥፍ ዙር ዘንግ ሊኖረው ይችላል። ያ ዘንግ ከክሪስታሉ ዘንግ ጋር ከገጠመ፣ ለምሳሌ በሲ 2/ሲ ውስጥ፣ ፕሮግራሙ ግማሽ ሞለኪውል ብቻ ያሳያችኋል። አትደንግጡ፣ ምንም አልጠፋም። ሌላውን ግማሽ ሲሜትሪው ይሠራዋል።

ሞዴሉን ማጥራት

በሼልክስ-ኤል ፕሮግራም መጀመሪያ አቶሞቹን ክብ አድርጋችሁ አስኪዱት። ከዚያ ወደ ኤሊፕሶይድ ቀይሩ። ከዚያ ሃይድሮጅኖቹን በሒሳብ ቦታቸው አስቀምጡ። በየደረጃው አር1፣ ሞዴሉ ከዳታው ምን ያህል እንደሚለይ የሚነግረን ቁጥር፣ በግልጽ መውረድ አለበት። በመጨረሻ ጥሩ ዳታ ከ5% በታች ይደርሳል፤ ጉድነስ ኦፍ ፊት (ሌላው የሞዴሉና የዳታው መግጠም መለኪያ) 1 አካባቢ ይሆናል።

ሞለኪውሉ ሙሉ ከሆነ 23 አቶሞች በ9 (3 ለቦታቸው፣ 6 ለኤሊፕሶይዳቸው) ሲባዙ 207 ፓራሜትር፣ ከስኬሉ ጋር 208 ይሆናሉ። ነጥቦቻችሁ ከዚያ ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁኑ። የተረፈው የኤሌክትሮን እፍጋት ካርታ ላይ ትልቁ ጉብታ በኩቢክ አንግስትሮም ከ0.3 ኤሌክትሮን ገደማ ካልበለጠና ቦንዶች መሀል ላይ ከሆነ ሰላም ነው። አንድ ፌኒል ኤሊፕሶይዶቹ የተወጠሩ ከሆነ ቀለበቱ ሁለት ቦታ ላይ ይቀመጥ ይሆናል፣ ከፍላችሁ ሞክሩት። ግን አር1ን በጥቂቱ ለመቀነስ ብቻ አትክፈሉ። ያልታየን ነገር ሞዴል ውስጥ ማስገባት ከትንሽ ከፍ ካለ ቁጥር ይብሳል።

ውጤቱን ማንበብ

በስፓይሮው ካርቦን ዙሪያ ያሉትን ስድስት ማዕዘኖች ዘርዝሩ። 109.5 አካባቢ ይዞራሉ። የሁለቱን ቀለበቶች አማካይ ገጾች ማዕዘን አስሉ፤ ወደ 90 ይጠጋል። ወንበርነቱን የቀለበትን መታጠፍ በቁጥር በሚገልጹት በክሬመርና ፖፕል ፓራሜትሮች ግለጹ፣ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ የሚሠራበት ዘዴ ነው። ፌኒሎቹ ኢኳቶሪያል መሆናቸውን በቶርሽን ማዕዘን አሳዩ። ኤንኤምአሩ የነገራችሁን አሁን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ስለ አደራደሩ ስትጽፉ ተጠንቀቁ። ይህ ሞለኪውል የአልኮል ሃይድሮጅን የለውም፣ ስለዚህ ጠንካራ የሃይድሮጅን ቦንድ የለም። ክሪስታሉን የሚይዙት ደካማ ንክኪዎች ናቸው። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ከ2.72 አንግስትሮም በታች በተቀራረቡ ቁጥር ሁሉ ቦንድ ነው ብሎ መጻፍ ተለምዷል፤ እኔ አልስማማበትም። ርቀቱንም ማዕዘኑንም ጻፉና አንባቢው ይመዝን።

የሲአይኤፍ ፋይሉን (የመዋቅሩ ውጤት የሚመዘገብበትን መደበኛ ፋይል) በቼክሲአይኤፍ መፈተሻ አስፈትሹት። የኤ እና የቢ ደረጃ ማስጠንቀቂያዎችን አንድ በአንድ መልሱ። ብዙዎቹ ሊስተካከሉ ይችላሉ፤ የማይስተካከለውን ምክንያቱን ጻፉ።

በመጨረሻ ከቀረው ዱቄት የፓውደር ዲፍራክሽን ውሰዱና ከነጠላዋ ክሪስታል ከተሰላው ጋር ደርቡት። የመረጣችኋት አንዲት ክሪስታል ጠቅላላውን ምርት መወከሏን የሚያሳየው ይህ ነው። ዱቄቱ የሚለካው በክፍል ሙቀት፣ ክሪስታሏ በ100 ኬልቪን ከሆነ ነጥቦቹ ትንሽ ይንሸራተታሉ፣ ይህ የሚጠበቅ ነው። አዲስ ነጥብ ካለ ግን ወይ ሌላ የክሪስታል ዓይነት አለ፣ ወይ ማጥራቱ አላለቀም። ሲገጥም የሲአይኤፍ ፋይሉን ከጥሬ የነጥብ ዳታው ጋር ለካምብሪጅ ዳታቤዝ አስገቡ።